አምፑ አለ፣ ስፒከሩስ የትኛው ይሁን? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ቤት ያለኝ ሲስተም በቻናል 60 ዋት (በ8 ኦም) የሚያወጣ ኢንተግሬትድ አምፕ (መቆጣጠሪያውና ማጉያው አንድ ሳጥን ውስጥ ያለ)፣ የሸክላ ማጫወቻና አንድ ስትሪመር (ሙዚቃ ከኢንተርኔት የሚያጫውት) ነው፣ ሁሉንም እወዳቸዋለሁ ልቀይራቸው አልፈልግም። የቀረኝ ስፒከር ነው። አሁን ያሉት ትንንሾቹ ብዙ አገልግለውኛል ግን ድምፃዊው ሲዘፍን ፊት ለፊቴ የቆመ እንዲመስለኝ እፈልጋለሁ፣ ባሱም ወረድ እንዲል። ገንዘብ አጠራቅሜ ሁለት ምርጫ ላይ ደርሻለሁ። አንደኛው መሬት ላይ የሚቆም ትልቅ ባለ ሶስት ዌይ ነው (ባሱን፣ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚያወጣ)፣ 87 ዴሲቤል፣ 4 ኦም፣ ሲወርድ እስከ 2.9 ኦም ይላል። ሁለተኛው ስታንድ ላይ የሚቀመጥ ባለ ሁለት ዌይ፣ 86 ዴሲቤል፣ 8 ኦም፣ ዝቅተኛው 6.2 ነው፣ ዋጋው ከነስታንዱ ከመጀመሪያው በሲሶ ያህል ያንሳል። ሳሎኔ 4 በ5 ሜትር ነው፣ ሶፋው ከኋላ ግድግዳው ጋር ተጠግቷል። ሻጩ "በ60 ዋት ትልቁን እንዳትሞክረው፣ ቢያንስ 200 ዋት ያስፈልግሃል" አለኝ፣ ጓደኛዬ ደግሞ "ዋት ምናምን ወሬ ነው" ይላል። ማንን ልስማ? (ሸክላ ወዳጁ)

መልስ፦ ወንድሜ ሁለቱም ግማሹን ነው የነገሩህ። ሻጩ ዋቱን አጋነነው፣ ጓደኛህ ደግሞ ጭራሽ ጣለው። አምፕህን ለማንም እንዳትሸጥ፣ መጀመሪያ አብረን እናስላ።

87 ዴሲቤል የተባለው ስፒከሩ 2.83 ቮልት (8 ኦም ላይ 1 ዋት ማለት ነው) ሲሰጠው 1 ሜትር ላይ የሚያወጣው ድምፅ ነው። አንተ የምትቀመጠው 3 ሜትር አካባቢ ነው ብለን እንያዝ። ቤት ውስጥ ግድግዳው ድምፁን ስለሚመልሰው ርቀት የሚቀንሰው ሜዳ ላይ እንደሚቀንሰው ያህል አይደለም፣ ስለዚህ 7 ዴሲቤል ቀንስ፣ ስፒከሩ ሁለት ስለሆነ ደግሞ 3 ጨምር፣ ሶፋህ ላይ 83 አካባቢ ታገኛለህ። ይሄ እንግዲህ አምፑ ገና ምንም ሳይደክም ነው፣ ሰው ቤቱ ተዝናንቶ ሲሰማ አማካዩ ከ75 እስከ 80 ቢሆን ነው። አምፑን የሚፈትነው ግን አማካዩ አይደለም፣ ከበሮው ሲመታ ወይ ኦርኬስትራው ባንዴ ሲነሳ ድምፁ ከአማካዩ 15 ወይም 20 ዴሲቤል ዘሎ ይወጣል፣ አምፑ ደግሞ ኃይሉን በእጥፍ ባሳደገ ቁጥር የሚጨምርልህ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። 60 ዋት ከ1 ዋት የሚበልጠው ወደ 18 ዴሲቤል ነው፣ 83 ላይ 18 ስትደምር 101 ይመጣል። ለ4 በ5 ሳሎን ይሄ ከበቂ በላይ ነው። ሻጩ ያለህ 200 ዋት ከአንተው 60 የሚበልጠው በ5 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ እሷን ደግሞ የምትፈልጋት ቤቱን ልታናጋው ስትነሳ ነው።

ሻጩ ልክ የሆነበት ቦታ ግን አለ፣ እሱም ያቺ 2.9 ኦም ናት። ኦም ማለት ስፒከሩ ከአምፑ የሚመጣውን ከረንት የሚቋቋምበት መጠን ነው፣ ስፒከር ደግሞ አንድ ቋሚ ኦም የለውም፣ በየፍሪኩዌንሲው ይወጣል ይወርዳል፣ "4 ኦም" የሚለው ለስም ያህል የተጻፈ ነው። ኦሙ ወደ 2.9 ሲወርድ አምፑ ለዛው ቮልት ከ8 ኦም ጋር ሲነጻጸር ሶስት እጥፍ የሚጠጋ ከረንት ማውጣት አለበት። ብዙ ስፒከር ላይ ይሄ መውረድ የሚመጣው ባሱ አካባቢ ነው፣ ሙዚቃው ውስጥ ብዙ ጉልበት ያለው እዛው ስለሆነ ድርብ ሸክም ነው። ስለዚህ የአምፕህን መመሪያ አውጣና 4 ኦም ላይ ስንት ዋት እንደሚሰጥ እይ። 100 ወይ 110 የሚል ከሆነ ፓወር ሰፕላዩ ጠንካራ ነው፣ ትልቁን ስፒከር ያለ ችግር ያንቀሳቅሰዋል። 70 ካለ ወይም ስለ 4 ኦም ምንም ካልጻፈ፣ ወይ ከጀርባው "ከ6 ኦም በታች አታገናኙ" የሚል ካለበት፣ በቃ ትልቁን እርሳው። አምፕ አቅሙ ሲያልቅ ሞገዱን ከላይና ከታች ይቆርጠዋል፣ ያ የተቆረጠ ድምፅ ደግሞ መጀመሪያ የሚያቃጥለው ትዊተሩን (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን ክፍል) ነው። ብዙ ሰው ትዊተር የሚቃጠለው ትልቅ አምፕ ሲገጠምለት ብቻ ይመስለዋል፣ አቅሙን ጨርሶ የሚጮህ ትንሽ አምፕም እኩል ያቃጥላል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል። 2.83 ቮልት 8 ኦም ላይ 1 ዋት ነው፣ 4 ኦም ላይ ግን 2 ዋት ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ትልቁ 87 ትንሹ 86 ስላለ ትልቁ ለመንዳት የቀለለ እንዳይመስልህ፣ በዋት ከለካነው ትልቁ 84 ነው፣ ትንሹ በ2 ይበልጠዋል። ከላይ 101 ያልነው ስሌታችንም የሚሰራው አምፕህ 4 ኦም ላይ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ዋት ከሰጠ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ በጥያቄህ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ዋቱም ኦሙም አይደለም፣ "ሶፋው ከግድግዳው ተጠግቷል" ያልካት ናት። የ5 ሜትር ክፍል ርዝመቱ ላይ 34 ኸርዝ አካባቢ ራሱ ያጉረመርማል፣ 4 ሜትሩ ደግሞ 43 ኸርዝ አካባቢ (የድምፅን ፍጥነት 343 ለርዝመቱ እጥፍ አካፍለህ ራስህ ማውጣት ትችላለህ)። ይሄ የባስ ጉርምርምታ ከሁሉም ቦታ በላይ የሚከማቸው ግድግዳው ጋ ነው፣ ማለትም ጭንቅላትህ ያለበት ቦታ። አሁን ያሉት ትንንሽ ስፒከሮች 34 ኸርዝ ድረስ ስለማይወርዱ ክፍሉን አልቀሰቀሱትም፣ ለዛ ነው እስከዛሬ ያልታወቀህ። እስከ 30 የሚወርደውን ትልቅ ስፒከር ስታስገባ ግን አንዲት የቤዝ ኖታ ብቻ ከሌሎቹ ተለይታ ስትጮህብህ፣ ዘፈኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ባስ ያለው ሲመስልህ፣ ያን ያህል ገንዘብ አውጥቼ ለምንድነው የታፈነው ትላለህ። ስፒከሩ ምንም አላጠፋም።

ስለዚህ ማንኛውንም ስፒከር ከመግዛትህ በፊት ዛሬ ማታ ሶፋውን 80 ሳንቲሜትር ያህል ወደፊት ሳበው። በነጻ ነው። ከዛ የምታውቀውን ባስ ያለው ዘፈን አጫውትና ጀርባህን ግድግዳው ላይ አድርገህ ስማ፣ ቀጥለህ ወደፊት ሁለት እርምጃ ተራምደህ እዛው ቆመህ ስማ፣ ልዩነቱን ራስህ ትሰማዋለህ። መሃል ላይ እንዳትቀመጥ ግን፣ የክፍሉ እኩሌታ ላይ ያቺው 34 ኸርዝ ጭራሽ ትጠፋለች። ከኋላህ 80 ሳንቲሜትር፣ ከአንተ እስከ ስፒከሩ ፊት 3 ሜትር፣ ከስፒከሩ ፊት እስከ ኋላው ግድግዳ 1 ሜትር ከ20፣ ተደምሮ ያው 5 ሜትርህ ነው፣ ቦታው ይበቃሃል። የቤቱ ሰው ይህን ያህል ቦታ ካልፈቀደ ደግሞ ያንን አሁኑኑ ማወቅ አለብህ፣ ምክንያቱም ትልቅ ስፒከር ግድግዳ ጋር ተለጥፎ ከሚቀመጥ ትንሹ ቦታውን አግኝቶ ቢቀመጥ በብዙ ይበልጠዋል። በተለይ ከጀርባው የባስ ቀዳዳ ያለው ከሆነ።

"ድምፃዊው ፊቴ የቆመ እንዲመስለኝ" ያልከው የሚመጣው ከባስ አይደለም፣ ስፒከሩ ወደ ጎን ከሚልከው ድምፅ ነው። ፍሎይድ ቱል የሚባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ካናዳ ውስጥ፣ በኋላም ከሾን ኦሊቭ ጋር ሐርማን ኩባንያ ውስጥ፣ ሰዎችን ስፒከሩን ሳያዩ እያሰሙ ነጥብ ሲያሰጡ ብዙ ሰው የሚመርጠው ፊት ለፊት ሲለካ ቀጥ ያለ መስመር ያለውን፣ ወደ ጎን ሲለካ ደግሞ ሳይዘል ቀስ እያለ የሚወርደውን ስፒከር ሆኖ አገኙት። ያው ሰዎች ስፒከሩን እያዩ ሲሰሙ ግን ነጥባቸው ተቀየረ፣ መጠኑና መልኩ ጆሯቸውን መራው። ስለዚህ ስፒከሮቹ በገለልተኛ ሰው ተለክተው ከሆነ ግራፉን ፈልግና ከፊት ያለውን ብቻ አትይ፣ ከጎን የተለካውንም እይ። ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ አካባቢ፣ ዉፈሩ (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) ለትዊተሩ የሚያስረክብበት ቦታ፣ የጎኑ መስመር ጎድጎድ ብሎ ከዛ ጉብ የሚል ከሆነ ሴት ድምፃዊ ስትዘፍን የሆነ ሻካራ ነገር ትሰማለህ፣ ያንን ደግሞ የትኛውም ውድ አምፕ አያስተካክልልህም።

ከዛ ቤትህ ወስደህ ስማ። ሱቅ ውስጥ የሰማኸው የሱቁን ክፍል ነው። ደህና ነገር የሚሸጥ ሰው መያዣ ተቀብሎ ለሁለት ሶስት ቀን ያውስሃል፣ ይህን ያህል ገንዘብ እያወጣህ አይሆንም የሚልህን ሌላ ሻጭ ፈልግ ነው የምልህ። ስታወዳድር ድምፃቸውን እኩል አድርግ፣ በግምት ሳይሆን የስልክ አፕም ቢሆን ይዘህ ለካው፣ ምክንያቱም 1 ዴሲቤል ያህል ከፍ ያለው ሁሌም የተሻለ ይመስላል፣ ከፍ ያለ እንደሆነ እንኳን አይታወቅህም። የምታጫውተው ማሳያ ዲስክ አይሁን፣ በቃልህ የምታውቀው ሸክላ ይሁን፣ አንዱ ደግሞ ቀረጻው ደካማ የሆነ። ስፒከር ጥሩ ቀረጻን ብቻ የሚያስደስት ከሆነ ግማሹን ስብስብህን ትተህ ትኖራለህ።

የኔን ሀሳብ ከጠየቅከኝ፣ ትንሹን ውሰድ። አምፕህ ይወደዋል፣ 6.2 ኦም ምንም አያስጨንቀውም፣ ለ4 በ5 ሳሎንም ልኩ ነው። ስታንዱ ላይ ግን አትቆጥብ፣ ትዊተሩ ተቀምጠህ ሳለ ከጆሮህ ጋር እኩል የሚሆንበት ከፍታ ያለውና ከበድ ያለ ይሁን። የተረፈችህን ሲሶ ገንዘብ ያዛትና ሁለት ሶስት ወር ስማ፣ የባስ ጥማቱ ካልለቀቀህ ከ60 ወይም ከ80 ኸርዝ በታች የሚሰራ ጥሩ ሰብዉፈር (ባሱን ብቻ የሚያወጣ ሳጥን) ጨምርበት። የሰብዉፈር ትልቁ ጥቅም ባሱ ለክፍሉ የሚመቸው ቦታ ላይ፣ ስፒከሩ ደግሞ ለድምፃዊው የሚመቸው ቦታ ላይ መቀመጥ መቻላቸው ነው፣ ትልቁ ስፒከር ላይ ሁለቱ አንድ ሳጥን ውስጥ ታስረዋል። አምፕህ 4 ኦም ላይ ጠንካራ ሆኖ፣ ሶፋውም ወደፊት መጥቶ፣ ቤትህ ወስደህ ስትሰማው ትልቁ ልብህን ከወሰደው ግን በሙሉ ልብ ግዛው፣ ያኔ የሚቆጭህ ነገር አይኖርም።

ጥያቄ፦ እኔ በዕድሜ የገፋሁ ሰው ነኝ፣ ባለ 300ቢ ቲዩብ አምፕ (300ቢ በሚባል የመስታወት ቲዩብ የሚሰራ) አለኝ፣ በቻናል 8 ዋት ነው። ሰው ሁሉ "በ8 ዋት ጥሩ ስፒከር አይነዳም" ይለኛል። አንዳንዱ ደግሞ ኦሙ ከፍ ያለ ከሆነ ይበቃል ይላል። እውነቱ የቱ ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ 8 ዋትዎ በሚገባ ይበቃል፣ ስፒከሩ ትክክለኛው ከሆነ። እርስዎ ሁለቱንም ነው የሚፈልጉት፣ ሴንሲቲቪቲውም (በትንሽ ኃይል የሚያወጣው ድምፅ፣ ያ ዴሲቤሉ) ከፍ ያለ፣ ኦሙም ረጋ ያለ፣ አንዱ ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ ቢቢሲ በ1970ዎቹ ለራሱ ሥራ ያሠራትን ኤል ኤስ 3/5ኤ የምትባል ትንሽ ስፒከር ይውሰዷት፣ የመጀመሪያዎቹ 15 ኦም ስለሆኑ ለቲዩብ አምፕ በጣም የዋህ ናቸው፣ ነገር ግን 83 ዴሲቤል አካባቢ ናቸው። ለመጀመሪያው ጠያቂ ባሰላሁት መንገድ፣ በ8 ዋት ሶፋዎ ላይ ከበሮው ሲመታ የሚያገኙት 88 ገደማ ነው፣ አማካዩ እንግዲህ 70 ሊሆን ነው፣ ማታ ቀስ ብሎ ለመስማት ደስ ይላል፣ ለትልቅ ኦርኬስትራ ግን አይሆንም። በተቃራኒው ፖል ክሊፕሽ እ.ኤ.አ. በ1946 ለገበያ ያቀረበው፣ ጥግ ላይ የሚቀመጠው ክሊፕሽሆርን ከ100 ዴሲቤል በላይ ነው የሚባለው፣ ለሱ 8 ዋት ብዙ ነው። በመሃል 95 እና ከዚያ በላይ የሆነ ካገኙ 8 ዋቱ 100 ዴሲቤል ድረስ ይወስድዎታል።

ስለ ኦሙ አንድ ነገር ልጨምርልዎ። የርስዎ ዓይነት አምፕ ከውስጡ ራሱ 2 ወይም 3 ኦም ያህል መቋቋም አለው፣ ስለዚህ የስፒከሩ ኦም ሲወጣና ሲወርድ ድምፁም አብሮ ይወጣል ይወርዳል። አምፑ 2.5 ኦም ቢሆንና ስፒከሩ ከ4 እስከ 20 ኦም ቢዋልል፣ በሁለቱ ጫፎች መሃል ከ3 ዴሲቤል በላይ ልዩነት ይመጣል፣ ይሄ ማንም ጆሮ ይሰማዋል። አንዱ ስፒከር በርስዎ አምፕ ማር የሚመስለው፣ ሌላው የሚደበዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። ሻጩን "የኢምፒዳንስ ግራፉን አሳየኝ" ይበሉት (ኦሙ በየፍሪኩዌንሲው ሲወጣና ሲወርድ የሚያሳየውን)፣ መስመሩ ገደል የሌለው፣ ከ6 ኦም የማይወርድ ከሆነ ደህና ነው። ከዛ ቤትዎ አምፑ ጀርባ ያሉትን የ4 ኦምና የ8 ኦም መውጫዎች እየቀያየሩ ይስሙ፣ ወረቀቱ ላይ 8 የተባለ ስፒከር 4 መውጫው ላይ ባሱ ሰብሰብ የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ ውድ ስፒከር ገዛሁ፣ ሳምንት ሆነው። ባሱ ሳሳ ብሏል፣ ዘፋኟ ደግሞ መሃል ላይ አትቆምልኝም፣ የት እንዳለች አይታወቅም የተበተነች ነው የምትመስለው። ሻጩ "300 ሰዓት ይጫወት፣ ይከፈታል" አለኝ። መመለሻ ጊዜዬ ሊያልቅ ትንሽ ቀን ነው የቀረው። ልጠብቅ?

መልስ፦ እህቴ አትጠብቂ፣ አሁኑኑ ተነሺና ኬብሉን እይ። ባስ ሳስቶ ድምፅ ከተበተነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አንዱ ስፒከር ላይ ቀይና ጥቁሩ ተገልብጦ መገናኘቱ ነው። አንዱ ኮን ወደፊት ሲወጣ ሌላኛው ወደ ኋላ ይገባል፣ ባሱን እርስ በርስ ይበላሉታል። ለማረጋገጥ አምፑን አጥፊ፣ የአንዱን ስፒከር ብቻ ሁለት ኬብል አገላብጪ፣ መልሰሽ ክፈቺና ሰው ብቻውን የሚያወራበት ነገር አጫውቺ፣ ዜና ይሁን ምን ይሁን። ድምፁ በሁለቱ ስፒከሮች መሃል አንዲት ቦታ ላይ ጠቅ ብሎ ከተቀመጠ፣ ባሱም ከመጣ፣ አገኘሽው። ከስፒከሩ ጀርባ ብቻ ሳይሆን አምፑ ጋም እይ፣ ብዙ ጊዜ እዛ ነው የሚገለበጠው።

ኬብሉ ልክ ሆኖ ድምፁ አሁንም ካልጣመሽ፣ ስፒከሮቹን ወደ አንቺ ትንሽ አዙሪያቸው፣ ወለሉ ባዶ ከሆነ ምንጣፍ አንጥፊ፣ ባዶ መስታወት ካለ መጋረጃ ጋርጂበት። ያም ካልሰራ መልሺው። ስለ 300 ሰዓቱ፣ የዉፈሩ ጠርዝ አዲስ ሲሆን ትንሽ ጠንከር ማለቱ እውነት ነው፣ ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይለሰልሳል፣ ለውጡም ትንሽ ነው፣ የጠፋ ባስና የተበተነ ዘፋኝ አይመልስም። በ300 ሰዓት ውስጥ በብዛት የሚለምደው ጆሮሽ ነው፣ እስከዚያ ደግሞ መመለሻ ቀንሽ ያልፋል፣ የማልወደውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የስፒከር ኬብል ላይ የስፒከሩን ዋጋ ሲሶ አውጣ ይሉኛል፣ ላውጣ?

መልስ፦ አይ፣ አታውጣ። 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ተራ የመዳብ ኬብል በሜትር ወደ 0.007 ኦም ነው፣ 4 ሜትር ብትዘረጋ ሄዶ ሲመለስ 8 ሜትር፣ ሁሉ ተደምሮ 0.06 ኦም አይሞላም። ስፒከርህ 4 ኦም ቢሆን እንኳን ምንም ማለት አይደለም። ከ8 ወይ 10 ሜትር በላይ የምትዘረጋ ከሆነ 4 ካሬ ሚሊሜትር ውሰድ። ጥንቃቄ የሚፈልገው ጫፉ ነው፣ የመዳቡን ክሮች በደንብ ጠምዝዘህ ወይ ፕለግ አስገብተህ እሰር፣ አንዲት የተላቀቀች ክር ቀዩን ከጥቁሩ ካነካካች አምፕህን ልታቃጥለው ትችላለች፣ ስለዚህ አስረህ ስትጨርስ መብራት ይዘህ ከጀርባ እያት፣ ከዛ ነው አምፑን የምትከፍተው።